በጋውኔ ጀርባ ላይ ያለው ሰማያዊ

የምሠራበት የአእምሮ ሕክምና ክፍል ግድግዳ ከወለሉ እስከ ሰው ትከሻ ድረስ ሰማያዊ፣ ከዚያ በላይ ነጭ ነው። ሰማያዊው ቀለም ይለቃል። እጅ ከነካው እጅ ላይ፣ ልብስ ከነካው ልብስ ላይ ይቀራል። አዲስ ባለሙያ ሲመደብልን በመጀመሪያው ቀን የምናስጠነቅቀው ስለ ሕመምተኞቹ ሳይሆን ስለ ግድግዳው ነው። "እንዳትደገፍ" እንለዋለን። ይደገፋል። ጀርባውን ስናሳየው እሱም ይስቃል፣ እኛም እንስቃለን፤ ከዚያ ወዲያ ከግድግዳ ርቆ መቆም ይለምዳል።

እኔ ይህን ከለመድኩ ቆይቻለሁ። የሲቀላ ልጅ ነኝ፤ አርባ ምንጭ ተወልጄ፣ አርባ ምንጭ ተምሬ፣ እዚሁ የአእምሮ ሕክምና ነርስ ሆኜ ቀረሁ። መጀመሪያ ሰሞን እናቴ "ከስንቱ ክፍል እዚያ ገባሽ?" ብላ አልቅሳ ነበር። ጎረቤት የት እንደምሠራ ሲሰማ ድምፁን ዝቅ አድርጎ "አይከብድም?" ይለኛል። እኔ ደግሞ ምላሴ አያርፍም፤ "የሚከብደው እንዲህ እያላችሁ ስትጠይቁኝ ነው" እላለሁ። እውነቱን ለመናገር ሥራዬን እወደዋለሁ። ወንድሞቹ በገመድ አስረው በፒክአፕ ያመጡት ሰው ከሳምንታት በኋላ ፀጉሩን ተስተካክሎ፣ ፌስታሉን አንጠልጥሎ፣ "ሲስተር፣ ደህና ሁኚ" ብሎ በእግሩ ሲወጣ ማየት ደስ ይለኛል። ሌላ ሥራ ይህን አይሰጠኝም።

የተመታሁት በምሳ ሰዓት ነው። ሰውየው ከጫሞ ሐይቅ ዳርቻ የመጣ ዓሣ አስጋሪ ነበር። ወንድሞቹ ዓሣ በሚጭኑበት መኪና ካመጡት ገና በማግስቱ ነው፤ እንቅልፍ የለውም፣ ሰው ሁሉ የሚያሳድደው ይመስለዋል። ምሳ ተበልቶ አልቆ ሳህን እየሰበሰብኩ ነበር። ጀርባዬን ሰጥቼው ጎንበስ ስል በሁለት እጁ ከኋላ መታኝ። ወደፊት ስወድቅ የጠረጴዛው ጠርዝ ቅንድቤን ሰነጠቀው። ባልደረቦቼ ደርሰው ያዙት፤ ጮኸ፣ አለቀሰ፣ መድኃኒት ተሰጥቶት ተኛ።

በእሱ አልተቀየምኩም፤ ይህን የምለው ለወጉ አይደለም። በሽታው ሰውን ምን እንደሚያደርገው አውቃለሁ፣ ለቤተሰብም አስተምራለሁ። ጭንቅላቴ ሁሉንም ነገር ያውቃል። ጀርባዬ ግን ትምህርት ቤት አልገባም።

ቅንድቤ ተሰፍቶ አልጋ ላይ ስቀመጥ ባልደረቦቼ ተራ በተራ መጡ። ሁሉም ለሕመምተኛ የምናወጣውን ያንን ዝቅ ያለ ድምፅ ይዘው ነበር። አንዱ ነርስ ጭንቅላቱን ወደ ጎን ዘንበል አድርጎ "አሁን ምን እየተሰማሽ ነው?" አለኝ። "ጭንቅላትህን ካላቃናኸው ዛሬ ሌላ ቅንድብ ይሰፋል" አልኩት። ሳቀ፣ እኔም ሳቅሁ፤ አዲስ ስፌት ይዞ መሳቅ ደግሞ ያማል።

የሆስፒታሉ የሠራተኞች ጤናና ደህንነት ኃላፊም መጣች። ጋሞ ተራራ ላይ፣ ኦቾሎ ተወልዳ ያደገች ረጅም ሴት ናት፤ አብሯት የሚራመድ ሰው ግማሹን መንገድ ይሮጣል። ሥራዋ ጓንት መኖሩን፣ የጉበት ክትባት መወሰዱን፣ የጽዳት ሠራተኞች ቦት ጫማ አለመቀደዱን መከታተል ነው። በሥራ ላይ ሳያስበው የሕመምተኛ መርፌ የወጋው ሠራተኛ የሚሮጠው ወደ እሷ ነው። እኔን ስታይ ምን እንደተሰማኝ አልጠየቀችኝም።

"የሌላ ሰው ደም ነክቶሻል?" አለች።

"የራሴ ብቻ ነው።"

"ጥሩ" አለችና የደም ግፊቴን ለካች። እሷ ሁሉን ነገር በግፊት ነው የምትጀምረው፤ ጥርሱን ያመመው ሰው ቢመጣም ግፊቱን ትለካለች። "ግፊትሽ ደህና ነው። ነገ ተመለሺ" ብላኝ ሄደች። ደስ አላለኝም። በማግስቱም አልሄድኩም።

ቁስሉ ቶሎ ዳነ፣ ወደ ሥራ ተመለስኩ። ሕመምተኛ አነጋግራለሁ፣ መድኃኒት እሰጣለሁ፣ እንደ ወትሮው እቀልዳለሁ። አንድ ነገር ብቻ ተለወጠ። ኮሪደሩን ስሄድ ጀርባዬን ግድግዳው ላይ ለጥፌ በጎን ነው የምሄደው። ስቆምም እንደዚያው ነው። ከኋላዬ በር ከተከፈተ ትከሻዬ ጆሮዬ ድረስ ይወጣል። ዓሣ አስጋሪው እንኳ ተሽሎት፣ እኔ ባልነበርኩበት ቀን ወጥቶ ወደ ቤቱ ሄዷል፤ ስለዚህ የምፈራው ሰው በክፍሉ ውስጥ የለም። የምፈራው ከኋላዬ ያለውን ባዶ ቦታ ነበር። ባልደረቦቼ "ግድግዳው እንዳይወድቅ ደግፈሽው ነው?" እያሉ ያሾፉብኝ ጀመር። እኔም አብሬ አሾፋለሁ፤ ቤቴ ስገባ ግን ያስጠላኛል።

ነገሩን የደረሰችበት ኃላፊዋ ናት። የቆሸሸ ጋውን ወደ ልብስ ማጠቢያ ሲገባ አይታ ኖሮ ክፍላችን ድረስ መጣች።

"ሲስተርዬ፣ የሰው ሁሉ ጋውን እጅጌው ነው የሚቆሽሸው። ያንቺ ጀርባው ብቻ ሰማያዊ ነው።"

"ከወንበሩ ይሆናል" አልኳት።

"ወንበራችሁ ቡናማ ነው" አለች። ከዚያ ግፊቴን ለካች።

በዚያው ሰሞን ማትረኗ ቢሯቸው ጠሩኝ። የነርሶች ሁሉ አለቃ ናቸው፣ ደግ ሴት ናቸው። "የኔ ልጅ፣ ለጊዜው ወደ ሕፃናት ክትባት ላዛውርሽ? የሚቀጥለውን ወር ድልድል ሳላወጣ ቁርጡን ንገሪኝ" አሉኝ። እግዜር ይስጥልኝ ብዬ ወጣሁና ግቢው ውስጥ ካለው የማንጎ ዛፍ ሥር ቆሜ አለቀስኩ። ክትባት ክፍል ክፉ ቦታ አይደለም። ሕፃናት ያለቅሳሉ እንጂ ከኋላ አይማቱም። ግን የእኔ ቦታ አይደለም። ከሄድኩ ደግሞ እንደማልመለስ አውቀዋለሁ፤ ከእኔ በፊት ከክፍላችን የወጡትም ለጊዜው ብለው ነው የወጡት። ካልሄድኩስ? ግድግዳ እያሻሸሁ እስከ መቼ እኖራለሁ? ወሩ ደግሞ እየሄደ ነበር።

ሆስፒታሉ ዝም አላለም፤ ለሠራተኞች የሥነ ልቦና ድጋፍ ተብሎ አንድ ክፍል ተዘጋጀልን። አዲስ መጋረጃ ተሰቀለ፣ ወንበር በክብ ተደረደረ፣ መሀሉ ላይ ሶፍትና ውሃ ተቀመጠ። የክፍላችን ሰው ሁሉ ገባን፤ ነርሶቹ፣ ሐኪሙ፣ የሥነ ልቦና ባለሙያው። ኃላፊዋም ፕሮግራሙ የእሷ ስለሆነ ጥግ ይዛ ተቀመጠች።

ከዚያ በኋላ የሆነው ነገር ከእኛ ሙያ ሰው በቀር በማንም ላይ አይደርስም። ሁላችንም አዳማጭ ሆነን ገባን። ክፍሉ ጸጥ አለ። ጸጥታን ደግሞ እኛ አናቋርጥም፤ ሕመምተኛው ራሱ እስኪናገር መታገስ እንዳለብን ተምረናል። ስለዚህ ሁላችንም ታገስን። ፊታችንን ለስለስ፣ ጭንቅላታችንን ዘንበል አድርገን፣ አንዱ እስኪናገር ጠበቅን። ማንም የለም። በመጨረሻ አንዷ ነርስ "ትንሽ ይሞቃል" አለች።

"ሙቀቱ ላንቺ ምን ማለት ነው?" አላት የሥነ ልቦና ባለሙያው።

"ሙቀት ማለት ነው!"

"የተናደድሽ ይመስላል" አለ ሐኪሙ በዚያው በዝግታ ድምፁ።

"አሁን ገና መናደዴ ነው!" አለች፤ ሁላችንም በሳቅ ፈረስን። ሶፍቱ ያለቀው የሳቅ እንባ ሲጠረግበት ነው። ሳቁ በረድ ሲል ዞረው እኔን አዩኝ። "እኔ ደህና ነኝ" አልኩ። ሁሉም ባንድነት "እህ…" አሉ። "ያንን 'እህ' ግማሻችሁን ያስተማርኳችሁ እኔ ነኝ፤ በእኔ ላይ አታውጡት" አልኳቸው። እንደገና ተሳቀ። እኔ ግን ልቤ ከብዶኝ ነበር። ለሰው ሁሉ የምንሰጠውን ነገር እርስ በርስ መስጠት አቅቶን ሳይ አዘንኩ።

ያኔ ኃላፊዋ ከጥጓ ተነሳች። "ለመሆኑ መርፌ ሲወጋችሁ ምን ታደርጋላችሁ?" አለች።

ይህን ማን ያጣዋል፤ ባንድ አፍ መለስንላት። ወዲያው በውሃና በሳሙና መታጠብ፣ በዚያው ቀን ማሳወቅ፣ መመርመር፣ መድኃኒት፣ ቀጠሮ።

"ባያማችሁም?"

"ባያመንም።"

"የተወጋው ሰው ያፍራል?"

"ምን አጥፍቶ ነው የሚያፍረው?"

"ታዲያ ይህቺ ልጅ ስትመታ ቅንድቧን ሰፋችሁና ሥራ አስገባችኋት። ቀጠሮ የት አለ?" አለች። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። "እኔ ሰጥቻት ነበር፤ ቀርታለች።" ፊቴ ጋለ። "ከነገ ጀምሮ የተመታም የደነገጠም ሠራተኛ መርፌ እንደወጋው ሰው ነው የሚታየው። በዚያው ቀን ይናገራል፣ ከክፍሉ ወጥቶ ያርፋል፣ ደህና ቢሆንም ባይሆንም በቀጠሮው ቀን ይመጣል። ቀጠሮውን የምይዘው እኔ ነኝ። እናንተ ጥያቄ ታበዛላችሁ።"

"መድኃኒቱስ?" አላት ሐኪሙ።

"እሱን ገና አላውቅም" አለች ሳታፍር።

የመጀመሪያዋ ባለ ቀጠሮ እኔ ሆንኩ። ከሥራ ስወጣ በር ላይ ጠበቀችኝ፣ መቼስ ግፊቴን ለካች፣ ከዚያ "ቤትሽ ሲቀላ አይደል? የእኔም ወደዚያው ነው፣ በእግር እንውረድ" አለች። ሆስፒታላችን ካለበት ከሴቻ ወደ ሲቀላ የሚወስደው ቁልቁለት ላይ ስንደርስ "ፊት ፊት ሂጂ፣ እኔ ከኋላሽ ነኝ" አለችኝ። ጥቂት እንደሄድኩ ዞርኩ። ደግሞ ትንሽ ሄጄ ዞርኩ።

"ምን ታያለሽ? እኔው ነኝ!"

"አላስችል አለኝ" አልኳት። ይህን ለሰው ስናገር የመጀመሪያዬ ነበር፤ ለእሷ ያልኩት ስላልጠየቀችኝ ይመስለኛል።

"እኛ ኦቾሎ" አለች ከኋላዬ እየተራመደች፣ "አባቴ የሸመነውን ተሸክመን ገበያ ስንወርድ እናቴ ሁልጊዜ ከኋላዬ ናት። መንገዱ ቀጥ ያለ ቁልቁለት ነው፣ ዞር ካልሽ እግርሽ ይስታል። እንዳልዞር ታዲያ አፏን አትዘጋም። ታዜማለች፣ ሐሜት ታወራለች፣ ካጣች እኔን ትሰድባለች። ድምጿን ከሰማሁ ምን ብዬ እዞራለሁ?"

ከዚያ ወዲያ እሷም አፏን አልዘጋችም። ስለ ልብስ ማጠቢያው ማሽን ብልሽት፣ ቤቷ ስላለው የሽፈራው ዛፍ፣ ጓንት አላደርግም ስለሚል አንድ ሐኪም ስታወራ አባያ በቀኝ በኩል ቀይ ሆኖ ይታየኝ ነበር። እስከዚያን ቀን ድረስ ሐይቁን ሳላየው ስንት ጊዜ እንዳለፍኩ እንጃ። ሲቀላ ስንደርስ የባጃጅ ጡሩምባ፣ የመናኸሪያው ወከባ፣ ሻንጣ የሚጎትቱ ተማሪዎች፣ ሁሉም ከኋላ ከኋላ የሚመጣ ነገር ነው። ደነገጥኩ፣ ግን ድምጿ ስላለ አልዞርኩም። ከዚያ በኋላ በየማታው እንዲህ ሆነን ስናልፍ ያዩን የሰፈራችን የጅምላ ነጋዴ ከሱቃቸው በር ላይ ሆነው "ሲስተር፣ ዘበኛ ቀጠርሽ እንዴ ወላሂ?" ብለው ሳቁብን። "ደመወዝ የለኝም እንጂ ነኝ" አለቻቸው።

ነገሩ ወደ ክፍላችንም ገባ። በየተራው አንድ ሰው ኮሪደሩን ሳልፍ ከኋላዬ እያወራ እንዲከተለኝ ተስማሙ። የሥነ ልቦና ባለሙያው ሲከተለኝ ጥያቄ እንዳይጠይቅ ተከለከለ፤ ስለዚህ ስለ ልጁ ትምህርት ቤት ያወራልኝ ጀመር፤ ለካስ ጨዋታ አዋቂ ኖሯል። ሐኪሙ ምን እንደሚያወራ ስለማያውቅ የኳስ ውጤት ይነግረኝ ነበር። አንዲት ታካሚ እናት ባልደረቦቼ ሲከተሉኝ አይተው "ልጄ፣ እኔም ልከተልሽ?" አሉኝ። ፈቀድኩላቸው። ከኋላዬ በጋሞኛ እየመረቁኝ ከጫፍ ጫፍ ሄዱ። በዚያ ኮሪደር እንደዚያን ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ሰማያዊው ቀለም ቀነሰ እንጂ አልጠፋም። ሰው ከኋላዬ ሲኖር መሀል ለመሀል እሄዳለሁ፤ ብቻዬን ስሆን ጀርባዬ ራሱ ወደ ግድግዳው ይወስደኛል። ማትረኗ ኮሪደር ላይ ሲያገኙኝ "እህ፣ የኔ ልጅ?" ይሉኛል፤ እኔም "ጥቂት ቀን" እላለሁ። ድልድሉ የሚወጣበት ቀን ደርሶ እንኳ የምላቸውን አላውቅም ነበር።

በዚያን ቀን የተመደብኩት ተመላላሽ ክፍል ነው፤ ተሽሏቸው ቤታቸው ሆነው መድኃኒት የሚወስዱ ሰዎች የሚመጡበት። ጠባብ ክፍል ነው፤ ጠረጴዛ፣ ሁለት ወንበር፣ ከኋላ የመድኃኒት መደርደሪያ። ከረፋዱ ላይ የሚቀጥለውን ሰው ስጠራ ዓሣ አስጋሪው ገባ።

እኔ ወዲያው አወቅሁት። እሱ አላወቀኝም። ወፈር ብሏል፣ ሸሚዙ ተተኩሷል። ሰላም ብሎ ተቀመጠ። እንቅልፉን ጠየቅሁት፣ ደህና ነው። መድኃኒቱን ይወስዳል፣ ከወንድሞቹ ጋር ጀልባ ላይ ሥራ ጀምሯል። ቤቱ የሚናገረው ጋሞኛ ነው፤ በአማርኛው ወንዱንና ሴቱን እየቀላቀለ፣ ግን ሳይቸኩል ነበር የሚያወራኝ። እኔም ልቤ ይመታ ነበር፤ እየቆየ ግን ሥራዬ ውስጥ ገባሁና መምታቱን ረሳሁት። ጥሩ ሆኖ ስላየሁት ደስ አለኝ። ተነስቼ መድኃኒቱን ከመደርደሪያው መፈለግ ጀመርኩ።

"ሲስተር፣ አንድ ነገር ልጠይቅ" አለ። "ያኔ ታምሜ፣ አንድ ሲስተር መታህ አሉኝ ወንድሞቼ። እኔ አላስታውስም። ያ ሲስተር ደህና ነው?"

እጄ መደርደሪያው ላይ ቆመ። "ደህና ናት" አልኩት።

"ስሙን አልነገሩኝም። ሄጄ ይቅርታ እንዳልል አላውቀውም። ሌሊት ሌሊት እሱን አስባለሁ።"

ይህን ሰምቼ ዝም ማለት አልቻልኩም። መድኃኒቱን ይዤ ዞርኩና "እኔ ነኝ" አልኩት። "ደህና ነኝ። አየኸኝ አይደል?"

ከወንበሩ ተነሳና በእጁ አፉን ያዘ።  

"አንቺ ነሽ?" አለ። "አንቺ ሆነሽ ነው አሁን ጀርባሽን የሰጠሽኝ?"

እሱ እስኪናገር ድረስ እኔ አላስተዋልኩትም ነበር። መደርደሪያው ከኋላ ነው፤ በሩ ዝግ ነው፤ ከእሱና ከእኔ በቀር በክፍሉ ማንም አልነበረም።

"ከታመምኩ ወዲህ ሰው ጀርባ አይሰጠኝም" አለ። "ጀልባ ላይ ወንድሞቼ ከፊት ተቀመጥ ይሉኛል። ሚስቴ ምድጃ ጋ ቆማ ወደ እኔ ዞራ ነው ወጥ የምታማስለው። አይቆጡኝም፣ ይወዱኛል። ግን ጀርባ አይሰጡኝም። አንቺ ሰጠሽኝ።"

አለቀስኩ። በሕመምተኛ ፊት አይለቀስም፤ ይሁን። እኔ ከኋላዬ ያለውን ባዶ ቦታ ስፈራ በነበረባቸው ሳምንታት ሁሉ ይህ ሰው በየሄደበት ፊት ፊቱን እየታየ ይኖር ነበር። ፊቴን ጠርጌ መድኃኒቱን ሰጠሁትና "ና፣ እስከ ውጭ አብረን እንሂድ" አልኩት። "እኔ ከፊት እሄዳለሁ፣ አንተ ከኋላዬ ተከተለኝ። ዝም አትበል ብቻ፣ እያወራኸኝ።"

ኮሪደሩን መሀል ለመሀል ወጣን። እሱ ከኋላዬ ስለ ጫሞ ያወራል፤ ነፋስ ሲነሳ መረብ እንዴት እንደሚያስቸግር፣ ጉማሬ በየት በኩል እንደሚወጣ፣ የትኛው ዓሣ ለጉላሽ እንደሚሻል። አልዞርኩም። ውጭ አግዳሚው ላይ የተቀመጠችው ሚስቱ እንዲያ ሆነን ስንመጣ አይታ ብድግ አለች። ቅንድቤ ላይ ያለውን ጠባሳ አየች፣ እሱን አየች፣ ደግሞ እኔን አየች።  መድኃኒቱን ከእጁ ተቀበለችና ቀድማው ወደ ግቢው በር መሄድ ጀመረች፤ እሱ ከኋላዋ እያወራ ተከተላት። የማንጎው ዛፍ ጋ ሲደርሱ ወደ ኋላ ልትዞር ትከሻዋ ነቅነቅ አለ፣ ግን ሳትዞር አለፈች።

ከዚያው ማትረኗ ቢሮ ገባሁ። "ለክትባቱ ሌላ ሰው ይፈልጉ" አልኳቸው። አዙረው የጋውኔን ጀርባ አዩና "በይ ወደ ሥራሽ" አሉኝ።

ማታ ስወጣ ኃላፊዋ በር ላይ ጠበቀችኝ። የሆነውን ሁሉ እስክነግራት አልታገሰችም፤ አስቀምጣ ግፊቴን ለካች። "ዛሬ ትንሽ ከፍ ብሏል" አለች። "ነገ ተመለሺ።"

"እመለሳለሁ" አልኳት፣ ፊት ፊት እየሄድኩ።